ግማሽ ሲደመር ግማሽ ሲቀነስ ግማሽ

ማክሰኞ፣ ማታ።

ዛሬ ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ፕሮቶን ውስጥ ሦስት ኳርክ ካለ፣ የእያንዳንዱም ስፒን ግማሽ ከሆነ፣ የፕሮቶኑ እንዴት ግማሽ ብቻ ሆነ?» አለኝ። (ኳርክ ፕሮቶን የሚሠራበት ቅንጣት ነው፤ ስፒን ደግሞ ቅንጣት እንደ እንዝርት የሚሽከረከር ያህል በተፈጥሮው የያዘው ሽክርክሪት።) እኔም እንደ ወትሮዬ ሁለቱን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች ስዬ ደመርኩለት። ሁሉም ደብተራቸው ላይ ገለበጡት። ደወሉም ተደወለ።

እራቴን ስበላ ግን ከነከነኝ። ያ ሒሳብ እንደማያዋጣ ከታወቀ እኮ ቆየ!

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጄኔቫ አጠገብ ሰርን በተባለው የቅንጣት ምርምር ማዕከል ውስጥ ሙዎን (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ) በፕሮቶን ላይ ይተኩሱ ነበር። ፓዮን ከተባለ ሌላ ቅንጣት መፍረስ የሚወለድ ሙዎን ስፒኑን በአንድ አቅጣጫ አሰልፎ ነው የሚመጣው፤ ጣጣው ያለው ኢላማው ላይ ነው። ኢላማው እጅግ የቀዘቀዘ አሞኒያ ነበር። በአንድ ሞለኪውል ውስጥ ካሉት 17 ፕሮቶንና ኒውትሮኖች የሚፈለጉት የሃይድሮጂኖቹ 3 ፕሮቶኖች ብቻ ናቸው፤ 14ቱ የናይትሮጂን ናቸው፣ ግርግር ከመጨመር በቀር ብዙም አይረዱ።

የወደድኩላቸው ዘዴ ይሄ ነው፦ ኢላማውን ለሁለት ከፍለው በአንዱ የሙዎን ጨረር መንገድ ላይ አከታትለው አስቀመጡት። የአንዱ ፕሮቶኖች ስፒን ወደ ፊት፣ የሌላው ወደ ኋላ። ጨረሩ ቢበረታም ቢደክምም ለሁለቱም እኩል ነው። ደግሞ በየጊዜው አቅጣጫውን ያገላብጡታል፤ ሚዛኑን ያላመነ ነጋዴ ሳህኖቹን ቀያይሮ እንደሚመዝነው። ከዚያ ከየግማሹ የተበተነውን ሙዎን መቁጠር ነው። የሁለቱ ቆጠራ ልዩነት ኳርኮቹ በብዛት ወዴት እንደሚሽከረከሩ ይናገራል።

ውጤቱ በ1988 ታተመ። የኳርኮቹ ስፒን ተደምሮ ከፕሮቶኑ ስፒን አንድ አምስተኛውን እንኳ አልሞላም። የልኬቱ ስህተት ሲታሰብ ዜሮ ነው ቢባልም የሚያስኬድ ነበር። «የፕሮቶን ስፒን ቀውስ» አሉት።

ኒውትሮኑንስ? ብቻውን ሩብ ሰዓት ገደማ ኖሮ ስለሚፈርስ ኢላማ አይሆንም። ስለዚህ በ1990ዎቹ ካሊፎርኒያ፣ ስላክ በተባለው የምርምር ማዕከል፣ ሁለት ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን ያለውን ሂሊየም 3 ጋዝ ተጠቀሙ፤ ሁለቱ ፕሮቶኖች ስፒናቸውን እርስ በርስ ያጣፉታል፣ የሚተርፈው በአብዛኛው የኒውትሮኑ ነው። እንዲህ ያለ ብልጠት ሳይ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ።

ኋላ የመጡት ልኬቶች የኳርኮቹን ድርሻ ወደ 30 በመቶ አድርሰውታል። ኒውዮርክ፣ ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ውስጥ ስፒናቸው የተሰለፈ ፕሮቶኖችን እያጋጩ ግሉዎኖችም (ኳርኮችን የሚያጣብቁት ቅንጣቶች) ድርሻ እንዳላቸው አዩ። የቀረው ኳርኮቹና ግሉዎኖቹ በፕሮቶኑ ውስጥ ከሚዞሩት ዙረት ነው የሚጠበቀው፤ እሱን ለይቶ መለካት ገና አላለቀም።

ነገ ሦስተኛ ፔሬድ እነሱ ጋ ነኝ። ያስገለበጥኳቸውን አሰርዛለሁ፣ ለማትሪክ ይመጣል አይመጣም የሚለኝ ባይጠፋም። ያ ልጅ «ታዲያ ቀሪው የት ሄደ?» ማለቱ አይቀርም። ለዚያ ብዬ አሞኒያውን ወረቀት ላይ እየሞከርኩት ነው፤ ናይትሮጂኑ በነጭ ጠመኔ፣ ሦስቱ ሃይድሮጂኖች በቀይ።