የአባቴ ሌሊት

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ምክንያት የለውም። የሐምሌ ዝናብ ይሆናል፤ በሐምሌ ጎንደር ግንቡም ሰማዩም አንድ ቀለም ነው። ቤት ተቀምጬ ከምብሰለሰል ብዬ ፒያሳ ወደዚያው ፀጉር ቤት ወጣሁ።

ልጁ ግራውን ጨርሶ ወደ ቀኝ ሲዞር መብራት ጠፋ። ማሽኑ ዝም አለ፤ ወሬው ተነሣ።

ቦክስ ላይ እንዴት እንደደረስን አላስታውስም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የታይሰን ፎቶ ሳይሆን አይቀርም። ለልጁ የምንጊዜም ታላቅ ቦክሰኛ ታይሰን ነው፣ አለቀ። «በ20 ዓመቱ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነ ሌላ ማን አለ ጋሸ?» እውነቱን ነው፣ የለም። ጥግ ላይ ጋዜጣ የያዙት ሽማግሌ ጆ ሉዊስን አመጡ። 12 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወር እስኪቀረው በክብሩ ቆየ፤ 25 ጊዜ ሊነጥቁት መጥተው 25 ጊዜ መለሳቸው። እኔ ሹገር ሬይ ሮቢንሰን አልኩ። የሁሉም ኪሎ እኩል ቢሆን እሱን የሚችል አልነበረም ብዬ ድርቅ። ሮቢንሰንን ከሁለት ደቂቃ ቪዲዮ በላይ አይቼው አላውቅም። ሌላው የማይጠራውን ስም ካልጠራሁ ክርክር የገባሁ አይመስለኝም፤ የቆየ አመሌ ነው።

መሐመድ አሊ ላይ ስንደርስ ልጁ «61 ተጋጥሞ 5 ጊዜ የተሸነፈ ሰው ምኑ ነው ታላቁ?» አለ። ሳላስበው የአባቴን ታሪክ ጀመርኩ።

አሊ ከሻምፒዮኑ ከፎርማን ጋር የተጋጠመበትን፣ የኪንሻሳውን ማለቴ ነው። ፎርማን 40 ተጋጥሞ 40ውንም አሸንፏል፣ 37ቱን በዝረራ። ዕድሜው 25፣ የአሊ 32። አሊ ገመዱ ላይ ተደግፎ ያን ሁሉ ቡጢ በክንዱ ተቀበለ፤ ሰውዬው ጉልበቱ እስኪያልቅ። ከዚያ በ8ኛው ዙር ዘረረው። ይሄን ዓለም ያውቀዋል። የአባቴ ሌላ ነው። ጥቅምት 1967፣ ንጉሡ ከወረዱ ሁለት ወር አልሞላም፤ ሰው በጊዜ በሩን ይዘጋል። እኩለ ሌሊት ነው። እሱ ጋቢውን ተከናንቦ ጆሮውን ሬዲዮ ላይ ለጥፏል። ፎርማን ሲወድቅ አባቴ ጮኸ፤ የሰፈራችን የቀሃ ውሻ በሙሉ ተቀበለው። ሲያወራን ውሻው ጋ ሲደርስ እኛ ልጆቹ ነበርን የምንጮኸው። ነፍሱን ይማረው።

ፀጉር ቤቱን አሳቅኩት። ሽማግሌው ብቻ ዓይናቸውን ከጋዜጣው ሳያነሡ «ስንት ሰዓት ላይ ነበር እሱ፣ ወንድምዓለም?» አሉ።

ቤት ገብቼ ቆጠርኩ። ምን አለ ባልቆጥር! ግጥሚያው ለአሜሪካ ቴሌቪዥን እንዲመች ተብሎ በኪንሻሳ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው የተደረገው። እኛ ሁለት ሰዓት እንቀድማቸዋለን። 12 ሰዓት ማለት ነው። ጠዋት! 8ኛው ዙር ላይ እኮ ፀሐይ ወጥታለች። የጥቅምት ፀሐይ፣ ደመና የሌለባት። ማን ነው በዚያ ሰዓት ተከናንቦ የሚደበቀው?

አባቴ ውሸታም አልነበረም። ሒሳብ አስተማሪ ነበር እንኳ። ምናልባት ወሬውን ረፋድ ላይ ሰምቶ፣ ባወራው ቁጥር ወደ ሌሊት እየገፋው ሄዶ ይሆን? ወይስ እኔ ነኝ ያጨለምኩት? «እኩለ ሌሊት» የሚለው ቃል የእሱ ይሁን የእኔ አሁን መለየት አቃተኝ።

እናቴ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ ሳሌን ጠየቀችኝ፣ ቀጥሎ ዝናቡን፣ ቀጥሎ የጤፍ ዋጋን አማረረች።

«እማ፣ በ67 ሬዲዮ ነበረን እንዴ?»

«ከየት አምጥተን! ጎረቤት ነበር እንጂ። አባትህ ጠዋት ጠዋት ዜና ሊሰማ ይሄድ ነበር። ምነው?»

«ምንም።»

ትንሽ ዝም አለችና «ውሻ ግን ነበረን» አለች። «ሰው ሲጮህ አብሮ የሚጮህ።»

ስልኩን ዘግቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ራሴን ሳክ ቀኜ ላይ ያለው ፀጉር በእጄ ገባ። ለካ ሳልጨርስ ነው የወጣሁት። በፒያሳ በኩል ግማሽ ራሴን ተላጭቼ፣ ስለ አሊ እያሰብኩ፣ ለሰው ሰላምታ እየሰጠሁ ነው የመጣሁት።

ነገ ተመልሼ መሄዴ አይቀርም። ሽማግሌው እዚያ ካሉስ?