ምስር ስለቅም የገባኝ ኬሚስትሪ

ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ፣ ኢኩዌሽን ባላንስ ማድረግ (የኬሚካል ለውጡን ግራና ቀኝ በቁጥር ማመጣጠን) ላይ በተሰጠ ፈተና ከ10 ያገኘሁት 2 ነው። እሷንም ስሜን አሳምሬ ስለጻፍኩ ሳይሆን አይቀርም።

ጥያቄው ቀላል ነበር። ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ተዋህደው ውሃ ይሆናሉ። በግራ በኩል ሁለት ኦክስጅን አለ፣ በቀኝ አንድ። እኔ ምን አደረግኩ? ውሃው ላይ ካለችው ኦክስጅን ሥር ትንሽ 2 ጻፍኩና ጨረስኩ። ሁለት ለሁለት፣ ምን ቀረ? መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ "እስቲ ይሄን ጠጪው" ብለው ጻፉበት። ለካ ውሃ አይደለም፣ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ነው። ፀጉር ቤት ጥቁር ፀጉር የሚያነጡበት!

የገባኝ ክፍል ውስጥ አይደለም። አንድ ቅዳሜ እናቴ ሰፌድ አስታቅፋኝ "ምስር ልቀሚ" አለችኝ። ሰኞ ደግሞ ፈተና አለ። ደብተሬን አጠገቤ ዘርግቼ እየለቀምኩ፣ ድንገት ምስሯን ሃይድሮጂን ለምን አላደርጋትም አልኩ። ከማድቤት ለኦክስጅን ባቄላ፣ ለካርቦን ሽምብራ አመጣሁና ሰፌዱን መሃል ለመሃል በክር ከፈልኩት።

ሁለት ምስርና አንድ ባቄላ አንድ ውሃ ነው። ባቄላ ብጨምርበት ውሃነቱ ቀረ። ሌላ ውሃ ሠርቼ አጠገቡ ማስቀመጥ ግን እችላለሁ። ከፊት የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ስንት ውሃ እንዳለ ይናገራል፣ ከሥር ያለችው ትንሿ ደግሞ ውሃው ከምን እንደተሠራ። ትልቁን እንደፈለግኩ እቀይራለሁ፣ ትንሿን አልነካም። ደግሞ ከክሩ ወዲህ የነበረ ፍሬ ሁሉ ከክሩ ወዲያ መገኘት አለበት። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮይዚየር በ18ኛው ክፍለ ዘመን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ እያቃጠለና እየመዘነ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ እሱ ሚዛን ነበረው፣ እኔ ሰፌድ።

ከዚያ ደፈርኩና ወደ ቡቴን፣ ወደ ማብሰያው ጋዝ፣ ሄድኩ። አንዱ ቡቴን 4 ሽምብራና 10 ምስር ነው። ሲነድ 4 ካርቦን ዳይኦክሳይድ (እያንዳንዱ 1 ሽምብራና 2 ባቄላ) እና 5 ውሃ ይወጣዋል። የሚያስፈልገውን ባቄላ ስቆጥር 8 እና 5፣ 13 ሆነ። ኦክስጅን ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ እና 13 በጥንድ አልገባ አለኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈዝዤ ቀረሁ። መላው ሁሉንም እጥፍ ማድረግ ነበር፦ 2 ቡቴንና 13 ጥንድ ኦክስጅን፣ 8 ካርቦን ዳይኦክሳይድና 10 ውሃ። ባቄላው ወዲህም 26፣ ወዲያም 26። ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ ኦክስጅን ብቻውን የቆመውን መጨረሻ ላይ ነው የምነካው፣ ምክንያቱም የእሱን ቁጥር ብቀይር ሌላውን አይረብሽም።

በነገራችን ላይ እናቴ ቀዝቃዛ ድስት ቡቴኑ ላይ ስትጥድ ቂጡ ላይ ጠብታ ታይና "ይሄ ድስት ማፍሰስ ጀመረ" ትል ነበር። አያፈስም። ከሚነደው ጋዝ የወጣ ውሃ ነው።

ባላንስ ማድረግ የማይነግረኝ ነገር እንዳለ የገባኝ ግን ከሰል ላይ ስደርስ ነው። ፍሙ አየር እንደልብ ሲያገኝ 1 ካርቦን ከ1 ጥንድ ኦክስጅን ጋር 1 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። አየር ሲያጥረው 2 ካርቦን ለ1 ጥንድ ኦክስጅን ይሆንና 2 ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ሰፌዱ ላይ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ አንድ ፍሬ አይጎድልም። ሁለተኛው ግን ሽታ እንኳ ሳይኖረው ይገድላል።

ሐምሌ ላይ፣ ቡናው ሦስተኛው ተጠጥቶ ሲያበቃ፣ እናቴ ለሙቀት ብላ የከሰል ምድጃውን ወደ መኝታ ቤት ልታስገባ ተነሳች። በሩ ላይ ቆምኩባት። ሰፌዱን አምጥቼ ሁለት ሽምብራና አንድ ጥንድ ባቄላ ደረደርኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና "እሺ፣ ውጭ ይደር" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ሽምብራዬን ግን ቆጥረሽ መልሺ።"