«በጀት» ከማለት «ስንቅ»፦ የካርበን ሂሳብ በ289 ሽምብራ

ለ6ኛና 7ኛ ክፍል ልጆች የካርበን በጀትን፣ ማለትም የምድር ሙቀት ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ ልንለቀው የምንችለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን፣ ስናስተምር መጀመሪያ የሚያደናቅፈው ቃሉ ራሱ ነው። በጀት እኛ ዘንድ ሐምሌ 1 ይታደሳል፤ ልጁም «ቢያልቅ ለከርሞ ይመደባል» ብሎ ይረዳዋል። «ስንቅ» ሲባል ግን ወዲያው ይገባዋል፤ መንገድ ላይ የሚሞላ የለም።

የሚያስፈልገው ሁለት ውስጣቸው የሚታይ ጠርሙሶችና 289 ሽምብራ ነው። ሽምብራው ጥሬ ይሁን፤ ቆሎ ከሆነ ይበላና ቆጠራው ይዛባል። አንዷ ፍሬ 10 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ናት። 239ኙ አንደኛው ጠርሙስ ውስጥ ይገባሉ፤ ከ1850 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው ነው። 50ዎቹ ሁለተኛው ውስጥ፤ የምድርን የሙቀት ጭማሪ 1.5 ዲግሪ ላይ ለመግታት ከ2020 ጀምሮ የቀረን ስንቅ። እሱም ዕድሉ እኩል በእኩል ሆኖ ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ «ዘውድ ወይስ ጎፈር» ማስባል ይበቃል። ከሦስት ሁለት እጅ ዕድል የፈለገ 40 ፍሬ ብቻ አለው።

«እ.ኤ.አ.» የሚለውን ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፉ። ካልሆነ 2020 ገና ያልመጣ ዓመት ይመስላቸዋል።

አንዱ ዓመት ይጠራል፣ ሌላው በየዓመቱ 4 ፍሬ ከሁለተኛው ወደ አንደኛው ያዛውራል። 2024 ሲያልቅ 30 ይቀራሉ። ነገር ግን ለ2025 መጀመሪያ በታደሰው ስሌት ቀሪው 235 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው። ስለዚህ 6 ፍሬ አውጥታችሁ ጠረጴዛው ላይ ለብቻ አስቀምጡ፤ ማንም አላቃጠላቸውም፣ የተስተካከለው ግምቱ ነው። ይህን መዝለል ልጆቹን ማታለል ይሆናል።

ቀጥሎ በዓመት 2 ብቻ ያዛውሩ። ብዙዎቹ የአንደኛው ጠርሙስ ከፍታ ይወርዳል ብለው ይጠብቃሉ። አስቀድማችሁ አትንገሯቸው፤ መሙላቱን በዓይናቸው ይዩት። መጨመሩ የሚቆመው ዜሮ ሲዛወር ብቻ ነው።

ሌላው ስህተት «50ው ሲያልቅ ዓለም ያልቃል» የሚለው ፍርሃት ነው። አንደኛው ጠርሙስ ላይ የወረቀት መለኪያ ለጥፉ፤ 100 ፍሬ 0.45 ዲግሪ ያሞቃል። 239ኙ 1.07 ላይ ያርፋሉ፣ እያንዳንዷ የዳነች ፍሬም ትቆጠራለች። ሂሳብ የሚወድ ልጅ ግን 289ኙን አባዝቶ 1.3 ያገኝና «1.5 የት አለ?» ይላል። ትክክል ነው፤ ቀሪው 0.2 በአብዛኛው ሚቴንን ለመሳሰሉ ሌሎች ጋዞች የተያዘ ድርሻ ነው፣ በሽምብራው ውስጥ አልተቆጠረም።