የዳታ ማመላለሻ ሶፍትዌር መቼ አፕግሬድ ይደረግ? ቀኑን የሚቆርጡት ጎረቤቶቹ ናቸው

ከብዙ ሲስተሞች ዳታ ሰብስቦ ወደ አንድ ማከማቻ የሚያስገባ ሶፍትዌር ካረጀ፣ በጀት በተያዘ ቁጥር ያው ክርክር ይነሳል። አንዱ «እየሠራ ያለ ነገር ለምን ይነካል?» ይላል፤ ሌላው አዲሱን ቨርዥን ለማየት ይቸኩላል። እኔ ሁለቱም የሚያዩት የተሳሳተ ቦታ ይመስለኛል። አብዛኛውን ጊዜ ቀኑን የሚቆርጠው በሶፍትዌሩ ዙሪያ ያለው ነው፦ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ የራሱን መረጃ የሚያስቀምጥበት ዳታቤዝ፣ የሚሮጥበት መድረክ ጃቫ፣ ከዳታቤዞች ጋር የሚያገናኙት ትንንሽ ፕሮግራሞች ማለትም ድራይቨሮቹ።

ስለዚህ ሥራው በሠንጠረዥ ይጀምር። በየመስመሩ የእያንዳንዱ አካል ስም፣ ቨርዥንና የድጋፍ ማብቂያ ቀን ይጻፍ። ለምሳሌ ከእነዚህ የዳታ ማመላለሻ ሶፍትዌሮች አንዱ የሆነው የኢንፎርማቲካ ፓወርሴንተር 10.5 መደበኛ ድጋፍ ማብቂያ እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2026 ነው። ይኸው ሶፍትዌር በሬድ ሃት ሊኑክስ 7 ላይ ከተጫነ ግን የማሽኑ መደበኛ ጥገና ያበቃው ጁን 30 ቀን 2024 ነው። በመካከሉ 21 ወር አለ፤ ሶፍትዌሩን ብቻ ያየ ሰው ያን ሁሉ ጊዜ መደበኛ ፓች (የጥገና ማሻሻያ) በማይደርሰው ማሽን ላይ ይሠራል። የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ የሆነው የኤስኪውኤል ሰርቨር 2016 የተራዘመ ድጋፍ የሚቆመው ጁላይ 14 ቀን 2026 ነው፤ አብሮት የሚመጣው የዳታ ማመላለሻ ኤስኤስአይኤስም በዚያው ቀን ያበቃል።

ከሠንጠረዡ ውስጥ ቀዳሚውን ቀን ያዙና ወደ ኋላ ቁጠሩ። ለጥቂት መቶ ጆቦች (ዳታ የሚያመላልሱ ሥራዎች) 6 ወር እይዛለሁ፦ ጆቦቹን ለመቁጠርና ለመለየት 1 ወር፣ ለሙከራ 2፣ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ለማስኬድ 2፣ ለመጠባበቂያ 1። ጎን ለጎን የሚሄዱበት ጊዜ ቢያንስ ሁለት የወር መዝጊያ ማካተት አለበት፤ በወር አንዴ ብቻ የሚሮጡ ጆቦች በሌላ ጊዜ አይፈተኑማ። የዓመት ሂሳብ መዝጊያ በመካከል ከገባ፣ እሱን አሳልፎ መጀመር ይሻላል።

ዘገምተኝነት ብቻውን ምክንያት አይሆንም። የ90 ቀን ሎግ (የሥራ መዝገብ) አውጡና የእያንዳንዱን ጆብ የረድፍ ብዛትና የፈጀውን ደቂቃ አነጻጽሩ። ረድፉ በ10 በመቶ አድጎ ጊዜው በእጥፍ ከጨመረ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጠፋ ኢንዴክስ (የዳታቤዝ ፍለጋ ማፍጠኛ) ወይም ከሜሞሪ ተርፎ ወደ ዲስክ የፈሰሰ ሉክአፕ (ከሌላ ሰንጠረዥ ዋጋ መፈለጊያ) ነው። ያ ችግር ወደ አዲሱ ቨርዥንም አብሮ ይሄዳል።

በአንጻሩ የማያስጠብቅ ምልክት አለ። ግንኙነትን ኢንክሪፕት የሚያደርገው (በምስጢር የሚቆልፈው) ስምምነት የቲኤልኤስ አሮጌ ቨርዥኖች 1.0 እና 1.1 እ.ኤ.አ. በማርች 2021 በይፋ ከአገልግሎት እንዲወጡ ተወስኗል። በአሮጌ ጃቫ የሚሠራ ሶፍትዌር ደግሞ ራሱ ሲገናኝ 1.0ን ሊጠቀም ይችላል፤ ለምሳሌ በቀደሙት የጃቫ 7 እትሞች ላይ 1.2 ቢኖርም ካልተከፈተ በቀር ሶፍትዌሩ ራሱ ለሚጀምረው ግንኙነት ዝግ ነው። ዳታው የሚመጣበት ሲስተም ባለቤት አሮጌውን መንገድ በዘጋ ሌሊት ጆቡ ይቆማል፤ ቀኑን የመረጠው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው።

አፕግሬዱ ላይ በብዛት ከሚያጋጥሙት አንዱ የድራይቨር ነገር ነው። የማይክሮሶፍት ኦዲቢሲ ድራይቨር (ከኤስኪውኤል ሰርቨር ጋር የሚያገናኝ) ቨርዥን 18 ከ17 በተለየ፣ ሳይነገረው ግንኙነቱን ኢንክሪፕት ያደርጋል። ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያሳይበት ሰርተፊኬት ራሱ የፈረመው ከሆነ ግንኙነቱ «ሰርተፊኬቱ አይታመንም» ብሎ ይወድቃል። ትክክለኛው መፍትሔ የታመነ ሰርተፊኬት መጫን ነው። «ሰርተፊኬቱን እመን» የሚለውን አማራጭ ማብራት ለሙከራ ማሽን ካልሆነ አይገባም፤ ምክንያቱም አንዴ ከበራ በኋላ የሚያጠፋው ሰው አይገኝም።

ሁለተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። መድረሻው ዳታቤዝ በዚሁ አጋጣሚ ወደ ዩቲኤፍ-8 (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዝ የአጻጻፍ ሥርዓት) ከተዛወረ፣ ድሮ 1 ባይት የነበረው የፈረንሳይኛ ምልክት ያለበት ፊደል 2 ባይት ይሆናል፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። በኦራክል ዳታቤዝ 30 ባይት ተብሎ የተከፈተ ዓምድ የሚይዘው 10 የግዕዝ ፊደል ብቻ ነው። ዓምዱ በባይት ሳይሆን በፊደል ብዛት መከፈት አለበት። አንዳንዱ ጆብ ስህተት አውጥቶ ይቆማል፤ የሚያስፈራው ግን ስሙን ቆርጦ አስገብቶ «ተሳክቷል» የሚለው ነው።

ለዚህ ነው የረድፍ ብዛት እኩል መሆኑ የማይበቃው። ለእያንዳንዱ የዳታቤዝ ሰንጠረዥ የባዶ ዋጋዎችን ብዛት፣ የቁጥር ዓምዶችን ድምር፣ ትንሹንና ትልቁን ቀን፣ የጽሑፍ ዓምዶችን ርዝመት ድምር ከሁለቱም ወገን አውጥታችሁ አስተያዩ። የተቆረጠ ስም በርዝመት ድምሩ ይጋለጣል፤ የአስርዮሽ መጠጋጋት ልዩነት በቁጥር ድምሩ።

የፓወርሴንተር ሪፖዚተሪ (የጆቦቹን ንድፍ የሚያስቀምጥበት ዳታቤዝ) አንዴ አፕግሬድ ከሆነ ወደ ኋላ አይመለስም፤ መመለሻው ባክአፕ ብቻ ነው። ቅጂውን በሌላ ማሽን ላይ መልሳችሁ አፕግሬዱን መጀመሪያ እዚያ ሞክሩት። የሪፖዚተሪው ባክአፕ የዶሜኑን (የፓወርሴንተር ሰርቨሮችና ተጠቃሚዎች የሚተዳደሩበትን ክፍል) ቅንብር አይይዝም፤ በዲስክ ላይ ያሉትን ፓራሜትር ፋይሎች፣ ስክሪፕቶችና የኦዲቢሲ ቅንብርም እንዲሁ። እነሱ ለየብቻ ይገልበጡ።

ቅያሪው ዕለት ከሁሉ በፊት የአሮጌው ሰርቨር የጊዜ ሰሌዳ ይጥፋ፤ ሰርቨሩ ግን ይቆይ። ሰሌዳው ሳይጠፋ ከቀረ ሁለቱም ወደ አንድ መድረሻ ይጽፋሉ፣ ዳታውም እጥፍ ይሆናል። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት መዝጊያ በአዲሱ ላይ በሰላም ካለፈ በኋላ አሮጌውን አጥፍታችሁ ፈቃዱን መመለስ ትችላላችሁ።