ከወንዝ ኬላ የተገኘ ትምህርት፦ የተለቀቁት ድንክ አዞዎች ለምን ሰጠሙ?

ነገሩ የሆነው በኮንጎ ሪፐብሊክ ሰሜን፣ በሊኩዋላ ረግረጋማ ደን በሚገኝ አንድ የወንዝ ኬላ ነው። ታንኳ ሲፈተሽ ከካሳቫው ጆንያ ሥር አፋቸው በሲባጎ የተጠፈረ ድንክ አዞዎች፣ ማለትም በተፈጥሯቸው ትንንሽ የሆኑ የአዞ ዝርያዎች፣ ተገኙ። ጥበቃዎቹ አንጀታቸው አልችል ብሎ እዚያው ፈትተው ወንዙ መሃል ጣሏቸው። በማግስቱ ከፊሎቹ ሞተው ተንሳፈፉ።

አዞ ሰጠመ ሲባል ለብዙ ሰው አይዋጥለትም። ግን ይሰጥማል። ድንክ አዞ ቀን ጉድጓድ ውስጥ ይውላል፤ አዳኙ ጫፉ ላይ የብረት መንጠቆ ያለው ረጅም እንጨት ሰዶ ጎትቶ ያወጣዋል። ሌሊት ከሆነ በባትሪ ብርሃን ዓይኑ ሲያበራ አይቶ ይይዘዋል። እንስሳው በኃይል ሲታገል ጡንቻ በኃይል ሲሠራ የሚፈጠረው ላክቲክ አሲድ ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል፤ እስኪጠራ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። እንዲህ የዛለ አዞ ጥልቅ ውኃ ላይ ሲጣል ለመተንፈስ ብቅ የሚልበት አቅም የለውም።

ሳይታረድ የሚጫነው ያለ ምግብ ሳምንታት ስለሚቆይ ነው፤ ሥጋው ያለ ማቀዝቀዣ ከተማ ይደርሳል። ስለዚህ ኬላ ላይ የሚገኘው በሕይወት ያለ፣ ግን የተዳከመ ነው።

የተያዘ አዞ ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ አይደራረብ። እርጥብ ጆንያ ይልበስ፣ ዓይኑ ይሸፈን፣ አፍንጫው ክፍት ይሁን። መንጋጋውና ጉሮሮው ሥር የመንጠቆ ቁስል ይፈለግ። ሲባጎው ሥጋው ውስጥ ከገባ በሰፊ ፕላስተር ይተካ፤ አዲሱ ሳይጠመጠም አሮጌው አይቆረጥም። አፉን የሚከፍተው ጡንቻ ደካማ ስለሆነ ጥቂት ዙር ይበቃል። የሚዘጋው ግን ጣት ይቆርጣል።

አርፎ ሲያበቃ፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ ሆዱ መሬት በሚነካበት ጥልቀት ላይ ፊቱን ወደ ውኃው አዙሮ ማስቀመጥ ነው። ፈቺው ከኋላ ይቆማል፤ መጀመሪያ እግሩን፣ መጨረሻ ላይ አፉን ይፈታል። እሱ ራሱ እስኪገባ ማንም አይገፋውም።

ቦታውም እንደተገኘ አይመረጥም። መኖሪያው ትንንሽ የደን ጅረትና ረግረግ እንጂ ትልቁ ወንዝ አይደለም። በዚያ ላይ የኮንጎ ተፋሰስ ድንክ አዞ ከጋቦኑ የኦጎዌ ተፋሰስ ዘመዱ በዘር የተለየ ነው፤ ሁለቱን መቀላቀል ሌላ ጥፋት ይሆናል። ስለዚህ ባለታንኳው ከመሄዱ በፊት ከየት እንዳመጣቸው ተጠይቆ ይመዝገብ። የእያንዳንዱ አዞ ርዝመትና ፎቶም ከመለቀቁ በፊት ይያዝ፤ ከተለቀቀ በኋላ በአጓጓዡ ላይ ለሚመሠረተው ክስ የሚቀርብ ማስረጃ የለም።