ዘጠኝ ወር አርግዤ የወለድኩት ማሽን

የቡና ማሽን ለመምረጥ ዘጠኝ ወር ፈጀብኝ። በሰባተኛው ወር ላይ እናቴ «አንተ ልጅ፣ መቼ ነው የምትገላገለው?» ብላኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ደሴ ፒያሳ ነው። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ በወር ለማኪያቶ የማወጣውን ደመርኩ። ደነገጥኩ። «በዚህ ብር ማሽኑን ራሴ ብገዛ ይሻለኛል» አልኩ። ይቺ ሒሳብ ስንቱን አጥፍታለች መሰላችሁ! አሁን ሳሰላው ማሽኑ ዋጋውን የሚመልሰው እኔ ጡረታ ስወጣ ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት ትንሽዬ ነገር ነበር። ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ ሳነብ ግን ትንሹ አነሰብኝ። የማኪያቶው መሠረት ኤስፕሬሶ ነው፤ ኤስፕሬሶ ማለት ውሃ በ9 ባር ግፊት በደቀቀ ቡና መሀል ሲያልፍ ነው። 18 ግራም ቡና ይገባል፣ 36 ግራም ገደማ ይወጣል፣ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ይፈጃል። ለማትሪክ እንኳን እንዲህ አልሸመደድኩም። ከዚያ የቦይለር፣ ማለትም የውሃ ማሞቂያው ጋን፣ ጣጣ መጣ። ባለ አንድ ቦይለር ከሆነ ቡናውን ካወጣህ በኋላ ለወተቱ እንፋሎት እስኪግል ቆመህ ትጠብቃለህ። ባለ ሁለት ከሆነ አንዱ ለቡና፣ አንዱ ለእንፋሎት፣ ሁለቱም በአንዴ። በመሀል ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ የቡናውን ውሃ በእንፋሎቱ ቦይለር ውስጥ በቧንቧ አሳልፎ የሚያሞቅ። ቤታችን ውስጥ ማኪያቶ የምጠጣው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ባለ ሁለት ቦይለር መረጥኩ።

ከፊት በኩል ደግሞ ኢ-61 የሚሉት፣ ውሃው ወደ ቡናው የሚወርድበት ወፍራም የነሐስ ራስ እንዲኖረው ፈለግሁ። ፋኤማ የተባለ የሚላኖ ኩባንያ በፈረንጆች 1961 ያወጣው ነው። ስሙን የወሰደው በዚያ ዓመት ከታየው የፀሐይ ግርዶሽ (ኢክሊፕስ) ነው ይባላል። ያማረ ነገር ነው፤ ሳየው ዓይኔ ይቀራል። በደንብ እስኪሞቅ ግን ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ይሄንን አንብቤዋለሁ። አንብቤም አልፌዋለሁ።

አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ «እዚህ በቅናሽ አለ፣ ልላክልህ?» ሲለኝ «የእናንተ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220» ብዬ እንደ መሐንዲስ መለስኩለት። በዚህ በጣም ኮራሁ። ከውሃ ቧንቧ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ዓይነት እንዳለም ለእናቴ ነገርኳት። እስክታነባ ሳቀች። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው። «ከጀሪካኑ ጋር ነው የምታገናኘው?» አለችኝ። እሱን ተውኩት።

በመጨረሻ የመረጥኩትን ለፒያሳው ባሪስታ በስልኬ አሳየሁት። አየና አፏጨ። ከዚያ «መፍጫህስ?» አለኝ።

«እሱ ቀላል ነው፣ ይደርሳል» አልኩት።

ምንም አልመለሰልኝም። ዝም ብሎ ወተቱን ማፍላት ቀጠለ። ያቺን ዝምታ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ማሽኑ ከጣሊያን አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ በሰው መኪና ኮምቦልቻ ደረሰ። ሄጄ ተቀበልኩት። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሐረጎ ዳገት ላይ ግን መንገዱ እንደ ጥምጥም ይዞራል። 30 ኪሎ ካርቶን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አላስጭንም ብዬ ታቀፍኩት። ረዳቱ «ይሄ የሁለት ሰው ቦታ ነው» ብሎ ለካርቶኑም አስከፈለኝ። በየኩርባው ካርቶኑ አጠገቤ ያሉትን እናት ይደገፋቸዋል።

«ምንድን ነው እንዲህ የታቀፍከው?» አሉኝ።

«የቡና ማሽን ነው፣ እማማ።»

«ቤትህ ጀበና የለም?»

የደሴው ጦሳ ተራራ ከሩቅ እስኪታየኝ ድረስ መልስ እየፈለግሁ ነበር።

ምርቃቱን ለቅዳሜ ቀጠርኩ። ጎረቤታችንን ሐጂን ጠራሁ። ኮምቦልቻ የሚሠራ ጓደኛዬም መጣ። ቅዳሜ እናቴ እንጀራ የምትጋግርበት ቀን መሆኑን አልረሳሁም። ምጣዱ ኤሌክትሪክ መሆኑንም አውቃለሁ። ሁለቱን ግን አላገናኘኋቸውም።

ማሽኑን ለኮስኩት። ሁለቱ ቦይለሮች መጋል ጀመሩ። ጓዳ ምጣዱ ግሏል። ቆጣሪው «ጧ!» አለ፤ ቤቱ ፀጥ አለ። ከጓዳ «በስመ አብ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሄጄ ሳይ ምጣዱ ላይ የተዘረጋው ሊጥ ግማሹ ዓይን አውጥቷል፣ ግማሹ አላወጣም። እናቴ ሰፌዱን ይዛ ታየኛለች። አንድም ቃል አልተናገረችም። ብሬከሩን መለስኩ፤ ማሽኑ እስኪሞቅ ምጣዱ እንዲጠፋ ተስማማን። መስማማት ካላችሁት። እሷ ከሰል ልታያይዝ ወጣች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ሐጂ የቤቱን ጣሪያ ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። በመጨረሻ «እስቲ መጀመሪያ ውሃውን ላሳያችሁ» ብዬ ማንሻውን ከፍ አደረግሁ። ማሽኑ እንደተቆጣ ድመት ፊፍ ብሎ እንፋሎት ተፋ። ሐጂ «ያ አላህ!» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ጓደኛዬ በሩ ጋ ደርሷል።

በኋላ ነው የገባኝ። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። እኔ ደግሞ ያነበብኩትን አምኜ 94 ላይ ሞልቼዋለሁ። ቦይለሩ ውስጥ ታፍኖ ስላለ ጨዋ ሆኖ ይቀመጣል፤ ወደ ውጭ ብቅ ሲል ግን ከፊሉ እዚያው እንፋሎት ሆኖ ይበተናል። ጓደኛዬ እስካሁን «ኮምቦልቻ አውርደው፣ እኛ ጋ 94 ድረስ ይታገሳል» እያለ ያላግጥብኛል።

ሙቀቱን ወደ 90 ዝቅ አደረግሁ። አሁን ቡናው። እናቴ ጠዋት ያመሰችውን ቡና ሙቀጫ ውስጥ ጨምሬ ወቀጥኩ፣ በሚዛን 18 ግራም መዝኜ ሞላሁ፣ ጠቀጠቅሁ፣ እጀታውን ገጠምኩ፣ ሰዓት ያዝኩ። ውሃው በስድስት ሰከንድ ሲኒውን ሞልቶ ፈሰሰ። ቀለሙ ጀበና የታጠበበት እጣቢ ነው። ለካ የሙቀጫ ቡና ለዚህ ሻካራ ነው፤ ውሃው በመሀሉ ሰተት ብሎ ያልፋል። የባሪስታው ዝምታ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። በዚያ ብር ጥንድ የእርሻ በሬ ገዝቼ ለጥጃም ይተርፈኝ ነበር፤ መፍጫ ግን የለኝም።

ያን ጊዜ ነው የእናቴ ትንሽዬ የቅመም መፍጫ ትዝ ያለችኝ። ባለፈው ሳምንት አብሽ ተፈጭቶባታል። በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረግኳትና ቡናውን ዱቄት እስኪሆን ፈጨሁት። እንደገና ሞላሁ፣ ጠቀጠቅሁ፣ ማንሻውን ከፈትኩ። ፓምፑ አቃሰተ። 10 ሰከንድ፣ ምንም። 20፣ ምንም። 40 ላይ አንዲት ጠብታ እንደ ሬንጅ ተንጠልጥላ ቆየች፣ ቆየችና ወደቀች። ሐጂ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ከብዙ ጣር በኋላ የሲኒዋ ሩብ ሞላ። ላዩ ላይ ግን ወፍራም ቡናማ አረፋ! ክሬማ የሚሉት መጣ ብዬ ልዘል ደረስኩ።

«ሐጂ፣ የመጀመሪያዋን ለእርስዎ ጀባ ልበል።»

«ቢስሚላህ» ብለው ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደገና ቀመሱ።

«ልጄ፣ አብሽ አብሽ ይላል ልበል?»

«ትንሽ ነካ አድርጎት ይሆናል።»

«ግድ የለም፣ ለጨጓራዬ ይሆነኛል» አሉና እንደ መድኃኒት ጨለጡት። ሲኒውን አስቀምጠው ወደ ጓዳ ዞሩ። «በሉ አሁን ቡናውን አምጡልና!»

እናቴ ከነረከቦቱ ገባች። ጀበናው ፈልቶ ሰክኗል፣ ፈንዲሻው በሰፌድ ነው። እኔ አንዲት ሲኒ ሳማጥ እሷ አቦሉን አድርሳለች። ቶናውን ጠጣን፣ በረካውን ጠጣን፣ ሐጂ መረቁን። ማሽኑንም መረቁት፤ «ለሥራ ያድርግልህ» ብለው።

ምርቃታቸው ሠርቷል። የማሽኑ አናት ሲኒ ማሞቂያ ነው፤ እንደበራ ለብ ብሎ ይውላል። በደሴ ብርድ የዳቦ ሊጥ ቶሎ አይነሣም። እናቴ አንድ ቀን ቡሃቃውን እላዩ ላይ ብታስቀምጠው ኩፍ ብሎ ጠበቃት። አሁን ጠዋት ጠዋት የምትቀሰቅሰኝ «ተነሥ፣ ያን ማሽንህን አብራልኝ» እያለች ነው። ለጎረቤት ስታወራ «የሊጥ ማሽን ከጣሊያን አስመጣልኝ» እንደምትልም ሰምቻለሁ።

እኔ ደግሞ መፍጫ እየመረጥኩ ነው። የሚፈጨው ብረት ጠፍጣፋ ይሁን ሾጣጣ የሚለው ብቻ ስንት ሌሊት በላኝ! ትናንት ማታ ስልኬ ላይ እንዳፈጠጥኩ እናቴ በአጠገቤ ስታልፍ ቆም አለች።

«ስንተኛ ወርህ ነው?»

«አራተኛ።»