አንዶራን በአንድ ቀን፦ «ቪዛ አያስፈልግም» የሚለው መልስ ያሳለፈኝ ምሽት

ይህን የምጽፈው በኢትዮጵያ ፓስፖርት አውሮፓ ገብተው፣ አንድ ትርፍ ቀን ሲያገኙ በስፔንና በፈረንሳይ መካከል፣ ፒሬኔ ተራሮች ውስጥ ወዳለችው ትንሽ አገር ወደ አንዶራ ደርሰው ለመመለስ ለሚያስቡ ወገኖቼ ነው። እኔ ጉዞውን ሳቅድ አንድ ሰው «ቪዛሽን አውጥተሽ እስቲ እንደገና አንብቢው» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ፣ ድንበር ላይ ወንበር ይዤ ያመሸሁባቸው አራት ሰዓታት ባልኖሩም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ወር ስለ አሮጌ ሰነዶች አጠባበቅ ለሚሰጥ የሦስት ሳምንት ሥልጠና ባርሴሎና ነበርሁ። ከአሠልጣኞቻችን አንዷ የአንዶራን የሰባት ቁልፍ ቁም ሣጥን እንደ ምሳሌ አነሣችልን። አገሪቱ በሰባት አጥቢያዎች የተከፈለች ስትሆን፣ የምክር ቤቷ ጥንታዊ ሰነዶች ይጠበቁበት የነበረው ሣጥን ሰባት መቆለፊያ አለው፤ የእያንዳንዱ ቁልፍ በየአጥቢያው ተወካዮች እጅ ስለነበረ ሁሉም ካልተሰበሰቡ አይከፈትም። ይህን ስሰማ ያደግሁበት ደብር ሙዳየ ምጽዋት ትዝ አለኝ፤ የእርሱም ቁልፎች በተለያዩ ሰዎች እጅ ስለነበሩ አንዱ ከቀረ ሳይከፈት ያድር ነበር። ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ያሳለፍሁ ሰው በመሆኔ ያን ሣጥን በዓይኔ ሳላየው መመለስ አልፈለግሁም። ሥልጠናው ዓርብ አበቃ፤ አውሮፕላኔ የሚነሣው እሑድ ማታ ነው፤ ቅዳሜ ሙሉ ቀን የእኔ ነበረች።

ዝግጅቱ ቀላል ነበር። አንዶራ አውሮፕላን ማረፊያም የባቡር መስመርም የላትም፤ ከባርሴሎና የሚወስደው አውቶቡስ 200 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ከሦስት ሰዓት ትንሽ በለጥ ባለ ጊዜ ይጨርሰዋል። ገንዘብ መመንዘርም አያስፈልግም፤ አገሪቱ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም የምትገበያየው በዩሮ ነው። የደርሶ መልስ ቲኬት ስገዛ ለሻጯ ፓስፖርቴን አሳይቼ «ለአንዶራ ቪዛ ያስፈልገኛል ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት፤ «አያስፈልግም፤ ፓስፖርትሽን ብቻ ያዢ» አለችኝ። አንዶራ ከማንም ጎብኚ የራሷን ቪዛ ስለማትጠይቅ መልሷ እውነት ነበር። ያሳሳተኝም እውነት መሆኑ ነው።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት አልፎ ተነሣን። ድንበሩን ስናልፍ ማንም አላስቆመንም፤ አውቶቡሱ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ አለፈ እንጂ ፓስፖርቴን ያየ ሰው አልነበረም።

ዋና ከተማዋ አንዶራ ላ ቬላ 1,023 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ ከአውሮፓ ዋና ከተሞች ሁሉ ከፍተኛዋ ናት ይባላል፤ ከአዲስ አበባ ለሄደ ሰው ግን ይህ ከለመደው ከፍታ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ካሳ ደ ላ ቫል የሚባለው የድንጋይ ቤት በ1580 እ.ኤ.አ. ለአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ የተሠራ ሲሆን፣ ከ1702 ጀምሮ ምክር ቤቱ ሲሰበሰብበት ኖሯል፤ አሁን ስብሰባው ጎኑ ወደተሠራው አዲስ ሕንፃ ተዛውሯል። ቁም ሣጥኑ በአሮጌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ አለ። አስጎብኚዋ ሰባተኛው አጥቢያ የተፈጠረው በ1978 እ.ኤ.አ. መሆኑን፣ ከዚያ በፊት አጥቢያዎቹ ስድስት ብቻ እንደነበሩ ስትነግረን መቆለፊያዎቹን አንድ በአንድ እያየሁ ቆየሁ። አገሪቱ ከ1278 እ.ኤ.አ. ስምምነት ጀምሮ በሁለት መሳፍንት ጥላ ሥር የኖረች ናት፤ አንደኛው የኡርጄል ጳጳስ ሲሆን ሁለተኛው ዛሬ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ነው። ሁለት ኃያላን ጎረቤቶች መካከል ሆና ሳትዋጥ ለዚህ የበቃች 468 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ያላት አገር፣ ሰነዶቿን ለአንድ ሰው እጅ አለመተዋ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነበር፤ በዚያች አንድ ሰዓት ምክንያት በጉዞው ዛሬም አልጸጸትም።

ከዚያ ከግማሽ ሰዓት በላይ በእግሬ ሄጄ የሳንታ ኮሎማን ቤተ ክርስቲያንና ክብ የደወል ማማዋን አየሁ። የጉብኝት ጽሑፎች ሁሉ የሚያወድሱትን የገበያ ጎዳና ግን ተውሁት፤ ሽቶና ሲጋራ ለመግዛት ሦስት ሰዓት ተጉዞ መሄድ ቀን ማባከን ነው የሚለው አሳቤ አሁንም አልተለወጠም። አንድ ነገር ግን ማንም አላስጠነቀቀኝም፤ የስፔን ስልክ ካርድ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቢሠራም አንዶራ ከዚያ ውጭ ናት፤ ካርታ ስከፍትና ፎቶግራፍ ስሰድ የሞላሁት ሂሳብ ከቀትር በፊት አለቀ።

የመመለሻው አውቶቡስ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ብዙ ሳይቆይ ድንበሩ ላይ ቆመ። መጀመሪያ የገቡት የጉምሩክ ሠራተኞች ነበሩ፤ በአንዶራ ቀረጥ ዝቅተኛ ስለሆነ ከተፈቀደው በላይ ሲጋራና መጠጥ የያዘ እንዳለ ሻንጣ ይፈትሻሉ። እኔ የያዝሁት ሁለት ፖስት ካርድ ስለነበር ልቤ አልፈራም። ቀጥሎ አንድ ፖሊስ ገባና መታወቂያ ማየት ጀመረ፤ የአውሮፓውያኑን ገረፍ እያደረገ አለፈ፤ የእኔን ፓስፖርት ግን ገልጦ ቪዛው ላይ ቆመ፤ ከዚያ ጣቱን አንድ ቁጥር ላይ አድርጎ አሳየኝ። ቁጥሩ «01» ነበር።

ቪዛውን ከተቀበልሁበት ቀን ጀምሮ ስሜን፣ የሚያበቃበትን ቀንና የቀናቱን ብዛት ደጋግሜ አንብቤያለሁ፤ ያችን ቁጥር ግን አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየኋትም። ፖሊሱ ወደ ቢሮ ከወሰደኝ በኋላ በዝግታ አስረዳኝ። «ይህ ቪዛ ወደ ሸንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ ወደሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ነው። ያን አንድ ጊዜ ባርሴሎና ስትገቢ ተጠቅመሽበታል። አንዶራ ሸንገን ውስጥ አይደለችም፤ ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ወጥተሻል። አሁን የምትገቢበት ቪዛ የለሽም» አለኝ። ወደ አንዶራ ብመለስስ ብዬ አሰብሁ፤ ከአንዶራ ግን የሚያስወጣው መንገድ ወይ ወደ ስፔን ወይ ወደ ፈረንሳይ ነው፤ ሁለቱም ሸንገን ናቸው፤ የሚነሣ አውሮፕላንም የለም። በሁለት በሮች መካከል መቆሜ የገባኝ ያኔ ነው።

የአውቶቡሱ ሹፌር ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቀ። ከዚያ ቦርሳዬን አውርዶ ከቢሮው በር አጠገብ አስቀመጠና ሄደ። ሌሎች መንገደኞች እንዳሉበት አውቃለሁ፤ ቢሆንም በቀጣዩ ቀን በዚያው ቲኬት መሳፈር እችል እንደሆነ እንኳ ሳይነግረኝ መሄዱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ፖሊሱ ሕጉን በመጠበቁ አልቀየምሁም፤ እኔም የመዝገብ ቤት ሰው ነኝና ሰነድ የሚለውን ማክበር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያስቀየመኝ ዝምታው ነው። አለቃ ጋ እየተደወለ እንደሆነ፣ የምን መልስ እንደሚጠበቅ፣ ልታሰር ወይስ ልመለስ እንደሆነ የሚነግረኝ አልነበረም። በየመካከሉ አንድ ሰው ይገባና ፓስፖርቴን ከጠረጴዛ አንሥቶ አገላብጦ ይወጣል። የሥልጠናውን የግብዣ ደብዳቤ ጠየቁኝ፤ ኢሜይሌ ውስጥ ነው፤ ስልኬ ደግሞ ሂሳብ የለውም። የአውሮፕላን ትኬቴን ጠየቁኝ፤ እርሱም እዚያው ነው። በወረቀት የሚኖር ሰው አንዲት ወረቀት ሳይዝ ድንበር መሻገሩን ሳስበው አሁንም አፍራለሁ።

ምሽት 2 ሰዓት ገደማ የሥራ ፈረቃ ተለወጠ። አዲስ የገባችው ፖሊስ ቀድማ የጠየቀችኝ «ራት በልተሻል?» ብላ ነው። ከዚያ የራሷን ስልክ ኢንተርኔት ከፍታልኝ ደብዳቤውንም ትኬቱንም አሳየኋት። በመጨረሻ ያዳኑኝ ሁለት ነገሮች ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ በማግስቱ ማታ ወደ አዲስ አበባ የሚነሣው ትኬቴ አንዱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጠዋት ማንም ስላላስቆመን ፓስፖርቴ ላይ የመውጫ ማኅተም አለመኖሩ ነው። የፓስፖርቴን ገጾች ፎቶ ኮፒ አድርገው፣ ባርሴሎና የማድርበትን አድራሻ መዝግበው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ለቀቁኝ። ሴትዮዋ «ይህ መብትሽ ሆኖ አይደለም፤ ለሌላ ሰው እንዲህ አይደረግም ይሆናል» አለችኝ። ቃሏን እንዳለ የማስቀምጠው የእኔን መለቀቅ ማንም እንደ ምስክር እንዳይጠቅሰው ነው።

የማታ አውቶቡስ አልነበረም። በታክሲ ወደ ላ ሴው ዱርጄል ወረድሁ፤ ከአንዶራ ሁለት መሳፍንት አንዱ የሆነው ጳጳስ መንበር ያለበት የስፔን ከተማ ነው። በጥሩ ቀን ብደርስ የድሮውን ካቴድራል ለማየት የምጓጓበት ስፍራ ነበር፤ ያን ሌሊት ግን ያየሁት የእንግዳ ማረፊያውን ጣሪያ ብቻ ነው። ጠዋት አዲስ ቲኬት ገዝቼ ባርሴሎና ደረስሁ፤ አውሮፕላኔም አላመለጠኝም። ታክሲው፣ አልጋውና ቲኬቱ ተደምረው የቀረኝን ገንዘብ ጨረሱት፤ ለልጆቼ ያሰብሁት ስጦታ ሳይገዛ ቀረ።

ጥፋቱ የተጀመረው ግን አዲስ አበባ ነው። የቪዛ ማመልከቻ ቅጹ ስንት ጊዜ ለመግባት እንደምትፈልጉ ይጠይቃል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ወይም ብዙ። ቅጹን በክፍያ የሞላልኝ ሰው «አንድ በይ፤ ብዙ ከጠየቅሽ ይጠራጠሩሻል» አለኝ፤ እኔም ምክንያቱን ሳልጠይቅ ምልክቱን አደረግሁ። የቪዛው ክፍያ ለአንድም ለሁለትም ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሁለት ጊዜ መጠየቅ ጥርጣሬ ያመጣል የሚለውን ምክር አልቀበልም፤ ጥርጣሬ የሚያመጣው ምክንያት ሳይጽፉ መጠየቅ ነው። በእርግጥ ስለተጠየቀ ብቻ አይሰጥም፤ የተሰጠውን ደግሞ ተለጣፊው ላይ ማንበብ የራስ ሥራ ነው።

ባርሴሎና የሚኖር አንድ ወገናችንም «እኔ አሥር ጊዜ ሄጃለሁ፤ ማንም አይጠይቅሽም» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ እርሱ ግን የመኖሪያ ፈቃድ አለው፤ አሥር ጊዜ ቢጠይቁትም ካርዱን አሳይቶ ይገባል። በአውሮፓ የሚኖሩ ዘመዶቻችን በቅን ልብ የሚሰጡን የጉዞ ምክር ሁሉ ከእነርሱ ወረቀት እንጂ ከእኛ ወረቀት የመነጨ አይደለም፤ ስለዚህ «ምን ይዘህ ነው የሄድኸው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ቪዛችሁ «01» የሚል ከሆነ እኔ የምለው ቁርጥ ነው፤ ድንበሩ ባዶ ቢመስልም ወደ አንዶራ አትሂዱ። ትንሽ አገር ማየት ካማራችሁ ሊክተንስታይን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሸንገን ውስጥ ናት፤ ሳን ማሪኖና ቫቲካን ከጣሊያን፣ ሞናኮም ከፈረንሳይ ጋር ያላቸው ድንበር ክፍት ነው፤ እዚያ ደርሶ መመለስ መግቢያችሁን አይበላውም። «02» ወይም ብዙ ጊዜ የሚል ያላችሁ ግን ሂዱ፤ ከቻላችሁም አንድ ሌሊት እደሩ። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የማድሪው ሸለቆ በአንድ ቀን ጉዞ ማዳረስ አይቻልም፤ እኔም ከሩቁ የተራራውን ጫፍ ብቻ ነው ያየሁት። የግብዣ ደብዳቤ፣ የመመለሻ ትኬትና የማደሪያ ማረጋገጫ በወረቀት አትማችሁ ከፓስፖርታችሁ ጋር ያዙ።

ባለፈው ወር አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለተመሳሳይ ሥልጠና ስትዘጋጅ ቅጹን አብረን ሞላን። በጉዞ ዕቅዷ ደብዳቤ ላይ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባንላት፦ «በቆይታዬ ወቅት በአንዶራ ላ ቬላ የሚገኘውን የምክር ቤቱን ጥንታዊ የሰነድ ሣጥን ለማየት ለአንድ ቀን ወደ አንዶራ ሄጄ ወደ ስፔን ስለምመለስ፣ ሁለት ጊዜ መግቢያ ያለው ቪዛ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» መልሱን እየጠበቅን ነው።